አልኮል በቆዳ መንከባከቢያ ምርቶች ውስጥ ያለው ሚና

በቆዳ መንከባከቢያ ምርቶች ላይ “አልኮል” የሚል ጽሑፍ ሲታይ ብዙዎች የሚያስቡት ቁስል የሚያቃጥለውንና በፍጥነት የሚተነውን ፈሳሽ ነው። በኬሚስትሪ ግን ስሙ በርካታ ውሁዶችን የሚያጠቃልል ሲሆን፣ ቆዳን የሚያደርቁም የሚያለሰልሱም ይገኙበታል።

ኤታኖልና አይሶፕሮፓኖል ተህዋስያንን ይገድላሉ፤ ሽቶንና ሌሎች ንጥረ ነገሮችንም ያሟሟሉ። በብዛት ሲገኙ ግን የቆዳን የተፈጥሮ ቅባት በማስወገድ ያደርቁታል። ሴቲልና ስቴሪል አልኮል በአንጻሩ ሰም መሰል ጠጣሮች ናቸው። በክሬም ውስጥ ውሃና ዘይት ተዋህደው እንዲቆዩ ያደርጋሉ፤ ቆዳንም ያለሰልሳሉ። በመሆኑም “ከአልኮል ነፃ” የተባለ ክሬም እነዚህን ሊይዝ ይችላል።

ውሃን ስቦ የሚይዘው ግሊሰሪንም በኬሚካዊ ባህርይው አልኮል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የእጅ ማጽጃ ቀመር 80 በመቶ ኤታኖል ሲይዝ፣ ቆዳ እንዳይደርቅ 1 ነጥብ 45 በመቶ ግሊሰሪን ይጨመርበታል።

ልዩነቱን ማወቅ ብቸናና ሞጣ በሚገኙበት የምሥራቅ ጎጃም ዞን የተለየ ፋይዳ አለው። በደጋማ አካባቢዎች በእሳተ ገሞራ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ ለፖዶኮኒዮሲስ ወይም በተለምዶ ዝሆኔ ለሚባለው የእግር እብጠት ያጋልጣል። የታማሚው ቆዳ ሲደርቅና ሲሰነጠቅ ተህዋስያን በቀላሉ ይገባሉ፤ ትኩሳትና ሕመም ደጋግሞ ከሥራ ያውላል።

በዞኑ አነደድ ወረዳ እ.ኤ.አ በ2015 የተጀመረውና 696 ታማሚዎችን ያሳተፈ ጥናት፣ የእግር ንጽህና፣ የቆዳ እንክብካቤ፣ ፋሻና ጫማ ሕመሙ የሚያገረሽበትን ጊዜ እንደሚቀንሱ አረጋግጧል። በአንድ ዓመት ውስጥ የታየው የማገርሸት መጠን እንክብካቤውን ወዲያውኑ ባገኙት 19 ነጥብ 4፣ ዘግይተው እንዲያገኙ በተደረጉት ደግሞ 23 ነጥብ 9 ጊዜ ነበር።

እ.ኤ.አ በ2017 የታተመ ሌላ በኢትዮጵያ የተካሄደ ጥናት ደግሞ፣ እግር በሚዘፈዘፍበት ውሃ ላይ 2 በመቶ ግሊሰሪን መጨመር ቆዳ እርጥበቱን ይዞ እንዲቆይ እንደሚያግዝ አሳይቷል። ይህም ለ1 ሊትር ውሃ 20 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ቀድሞ በቀን ከ6 ሊትር በላይ ይጠይቅ የነበረው ውሃ ወደ 1 ሊትር መውረዱ፣ ውሃ ከሩቅ ለሚቀዳባቸው ቤተሰቦች ትልቅ እፎይታ ነው።

ስለሆነም ግብዓት የሚገዙና የሚያሰራጩ ጽሕፈት ቤቶች “አልኮል” የሚለውን ቃል ብቻ ሳይሆን የአልኮሉን ዓይነትና መጠን ለይተው ማየት ይጠበቅባቸዋል። ለተሰነጠቀ እግር የሚያስፈልገው ቆዳን የሚያደርቀው ሳይሆን እርጥበትን የሚጠብቀው ነው።