የተጸውዖ ስም የወል ስም ሲሆን

የሰዋስው መምህራን ስምን በተጸውዖና በወል ከፍለው ያቆሙትን ድንበር፣ የገበያና የማዕድ ቋንቋ የማንንም ፈቃድ ሳይጠይቅ ሲሻገረው ኖሯል። ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል የነበረችው የአምቦ ከተማ ለዚህ ዋና ምስክር ናት፤ ከከርሠ ምድሯ እየፈላ የሚወጣው ማዕድን ያዘለ ውሃ በ1922 ዓ.ም. ገደማ በጠርሙስ እየታሸገ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ስሟ ከቦታዋ ተነሥቶ የመጠጡ የወል መጠሪያ ሆኗል። ጥሬ ሥጋ በልቶ «አምቦ አምጣልኝ» የሚል ሰው፣ ቆርኪው ሲነሣ ሽው ብሎ የሚያረፋውን፣ ምላስን ቆንጠጥ አድርጎ የከበደ ሆድ ያቀላል የሚባልለትን ውሃ ይሻል፤ አስተናጋጁም የሌላ ፋብሪካ ጠርሙስ ሲያቀርብለት፣ የቀዘቀዘ ይሁን ያልቀዘቀዘ ይጠይቀዋል እንጂ በስሙ አይከራከሩም።

ይሁን እንጂ የአምቦ ግዛት ወሰን አለው። ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የባቢሌ ምንጭ ስላለ፣ በሐረርና በድሬዳዋ ለዚሁ ጥም ባቢሌ የሚለው ስም ተሰምቷል፤ ከመረብ ማዶም ከአስመራ ወደ ምፅዋ ቁልቁል በሚወርደው አገር የዶንጎሎ ውሃ ስመ ጥር ሲሆን፣ ሕዝቡ ለመጠጡ ማይ ጋዝ የሚል የወል ስም አለው። እኔ እንደሚመስለኝ ይህን ያደረገው ማስታወቂያ አይደለም፤ የመስተዋት ጠርሙስ ከባድ ነው፣ ባዶውም ተሰብስቦ ወደ ፋብሪካው መመለስ አለበት፣ ስለዚህ በየአገሩ አስቀድሞ የደረሰው የቅርቡ ምንጭ ነበር።

የፋፋ ታሪክ ግን ከዚህ ይልቅ ልብ የሚነካ ነው። በ1950ዎቹ በስዊድን ርዳታ በአዲስ አበባ በተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ክፍል፣ ጡት ከጣሉ በኋላ የሚከሱትን ሕፃናት ለመታደግ፣ የስንዴና የጥራጥሬ ዱቄት ከወተት ዱቄትና ከቪታሚን ጋር ተቀምሞ ወጣ፤ ስሙም ከአማርኛው ግስ ከራሱ የተቀዳ በመሆኑ ለእናት ጆሮ እንደ ምርቃት የሚሰማ ነበር። በአዲስ አበባ ፋፋ የሱቅ ዕቃ፣ ለልጅ በማለዳ የሚሠራ ገንፎ ሆኖ ኖረ። በ1977 ዓ.ም. ረኃብ በጸናበት በወሎ ግን በመጠለያ ጣቢያ የሚታደለው አልሚ ዱቄት፣ ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣው ሳይቀር፣ ፋፋ ተባለ። በሰልፍ ቆማ፣ በጣሳ ተለክቶላት፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ለተመለሰች እናት ከረጢቱ ላይ በላቲን ፊደል የተጻፈው ስም ምኗም አልነበረም፤ ልጇን ያተረፈላት ሁሉ ፋፋ ነው። ዛሬም በጤና ጣቢያ ደጃፍ ይኸው ቃል በዚያው ፍችው ይሰማል፤ እኔም ከአምቦ ይልቅ ለዚህ ቃል ክብር እሰጣለሁ።

በቅርብ ዘመን ደግሞ ሃይላንድ የተባለው የታሸገ ውሃ መጣና ስሙን ለፕላስቲክ ዕቃው አወረሰ። በየአውራ ጎዳናው ዳር የገጠር ልጆች መኪና ሲያዩ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» እያሉ ባዶውን ይለምናሉ፤ ከገዳም የሚመለስ ምእመን ጸበሉን በሃይላንድ ቀድቶ ይመጣል፤ በገበያም ቃሉ መስፈሪያ እስከ መሆን ደርሶ፣ ዘይቱም ነጭ ጋዙም ማሩም በአንድ ሃይላንድ፣ በግማሽ ሃይላንድ ይሸጣል።