የካሳው ፈትል

በጥሊሊ በኩል አልፎ ባሕር ዳር ደርሶ የተመለሰ ሰው ዘንባባውን፣ ጣናንና ዓሣውን ያወራል። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን ግን ማን ያነሳዋል? እስኪ ዛሬ እኛ እናንሳው።

ነገሩ የሚጀምረው ከጦርነት ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ላደረሰችው ጥፋት ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር እንድትከፍል በ1947 እ.ኤ.አ. የፓሪስ የሰላም ውል ተወሰነባት። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ1956 እ.ኤ.አ. ሲቋጭ ካሳው ወደ 16.3 ሚሊዮን ዶላር ወርዶ ነበር። በዚህ ገንዘብ የቆቃ ግድብ ተሠራ፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅም በ1953 ዓ.ም. ተቋቋመ።

ከዚያ ፋብሪካው ከተማ ይስብ ጀመር። ማጠቢያና ማቅለሚያው ውኃ ይፈልጋል፤ ፋብሪካው ዓባይ ከጣና ከሚወጣበት አጠገብ ነው። ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፤ በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ ማመንጫ ደረሰለት። ባለሙያም ያስፈልጋል፤ በ1955 ዓ.ም. በሶቭየት ኅብረት እርዳታ የተከፈተው ፖሊቴክኒክ የጨርቃ ጨርቅ ትምህርትም ይሰጥ ነበር። ዕዳም አለ፦ የፋብሪካው ፍሳሽ የዓባይን ራስ እንደበከለ ተመራማሪዎች አሳይተዋል።

ይህ ሁሉ ከእኛ ከጥሊሊዎች ምን አገናኘው? ነጠላችሁን ዘርግታችሁ እዩት። በአገራችን ሽመና ማጉ እናቶች በእንዝርት የፈተሉት ሲሆን ድሩ አብዛኛውን ጊዜ የፋብሪካ ክር ነው። እጅና ማሽን እዚያው ተጠላልፈዋል።

ጣሊያኖች በአገራቸው ክሬስፒ ዳዳ የሚባል የጥጥ ፋብሪካ መንደር አላቸው። ባለቤቶቹ ለሠራተኛው ጓሮ ያላቸው ቤቶች በረድፍ፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ ክርስቲያን፣ መቃብር ሳይቀር ሠርተዋል። ዩኔስኮ በ1995 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት መዘገበው። እኛ ግን ቅርስ ሲባል የሚታየን ገዳምና ቤተ መንግሥት ብቻ ነው። በአባቶቻችን ደም ካሳ የተሠራ ፋብሪካ ምን አነሰውና?

ግንቡ ይቆይ ይሆናል፤ ሰው ግን አይቆይም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በወጣትነት የተቀጠሩት፣ ዕድሜ ከሰጣቸው፣ ዛሬ ሰማንያን እየተሻገሩ ነው። የት ተከራይተው ይኖሩ ነበር? የሌሊት ፈረቃ ሲያበቃ በምን ይመለሱ ነበር? የመጀመሪያ ደመወዛቸውን ምን ገዙበት? ይህ በካሳ ውል ላይ አልተጻፈም። በየቤታችን አጎት ወይም አክስት አይጠፋም፤ ሁላችንም ስልክ አለን፤ ስልክ ደግሞ ድምፅ ይቀዳል።