የገጠሩን መምህር ማን ያቆየዋል?

ለገጠር ትምህርት ቤት ጥሩ መምህር ማግኘት፣ አግኝቶም ማቆየት፣ በሱዳንም ሆነ በኢትዮጵያ የዘመናዊ ትምህርት ታሪክ ደጋግሞ የተነሣ ጥያቄ ነው። ሁለቱ አገሮች ለዚሁ ችግር የፈለጉት መፍትሔ ግን የተለያየ ነበር።

ሱዳን ሥልጠናን አስቀደመች። እ.ኤ.አ. በ1934 የበኽት አል-ሩዳ የመምህራን ማሠልጠኛ ሲመሠረት ከካርቱም እንዲርቅ ተደረገ። የከተማ ኑሮ የለመደ መምህር ገጠር አይረጋም ተብሎ ስለታመነ፣ ተቋሙ በነጭ ዓባይ አጠገብ በምትገኘው በአድ-ዱወይም ተተከለ። ሠልጣኞቹም በቀላል የጭቃ ቤቶች እየኖሩ ለመንደር ኑሮ ይዘጋጁ ነበር። በኋላ የሱዳን የመጀመሪያው የትምህርት ሚኒስትር የሆኑት አብዱራህማን ዓሊ ጣሃም በዚያ አገልግለዋል።

ኢትዮጵያ በበኩሏ ግዴታን መረጠች። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እንዲያገለግሉ ተደነገገ፤ ብዙዎቹም በመምህርነት ተመደቡ። በ1967 ዓ.ም. የተጀመረው የእድገት በኅብረት ዘመቻ ደግሞ ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችንና መምህራንን ወደ ገጠር አዘመተ። ይሁን እንጂ ግዴታ የሚያመጣው ሰው ጊዜው ሲያበቃ ይመለሳል፤ የገጠሩ ልጅም በየጊዜው አዲስ ፊት ያያል።

የደመወዝ ነገር ቸል ሲባል ምን እንደሚከተል በየካቲት 1966 ዓ.ም. ታይቷል። «ሴክተር ሪቪው» የተባለው ጥናት መሠረታዊ ትምህርትን በአነስተኛ ወጪ ወደ ገጠር ለማዳረስ ያለመ ነበር። መምህራኑ ግን ሸክሙ በእነርሱ ኑሮ ላይ እንዳይወድቅ ሰጉ። ደመወዛቸው እንዲሻሻልና ጥናቱ እንዲቀር ጠይቀው ሥራ አቆሙ፤ ዕቅዱም ሳይፈጸም ቀረ።

በገንዘብ የማበረታታትን መንገድ በግልጽ የሞከረችው ጋምቢያ ናት። እ.ኤ.አ. በ2006 በሩቅ ገጠር ለሚያስተምሩ መምህራን እንደ ርቀቱ ከደመወዛቸው ከ30 እስከ 40 በመቶ የሚደርስ አበል ፈቀደች። በእነዚያ ትምህርት ቤቶች የሠለጠኑ መምህራን ድርሻ በ10 በመቶ ነጥብ ገደማ ጨመረ። ሆኖም በተማሪዎች ውጤት ላይ በአማካይ ጎልቶ የታየ ለውጥ አልነበረም።

እንግዲህ አበል መምህሩን ወደ መንደሩ ያደርሰዋል፤ ከደረሰ በኋላ በሚገባ እንዲያስተምር የሚያስችለው ግን ዝግጅቱ ነው። በኽት አል-ሩዳ ዝግጅቱን፣ ጋምቢያም ክፍያውን አሳይተዋል። የገጠሩ ልጅ የሚያስፈልገው ሁለቱንም ነው።