የጦጣ ውለታ

“ጦጣ ባለቤቱን ታስወጣ” ይባላል። ወለጋ ላይ ይህ ተረት ብቻ አይደለም። በነቀምቴ ዙሪያም ሆነ ወደ ደዴሳ ሸለቆ ሲወረድ፣ በቆሎ የዘራ ገበሬ ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው ከቀመሌና ከጀልዴሳ፣ ማለትም ከጦጣና ከዝንጀሮ ጋር ሲሟገት ነው። ይህን ሰው “ጦጣም መብት አላት” ብትሉት ምን እንደሚመልስላችሁ መገመት አያቅትም። እኔም ስለ መብት ላወራ አልተነሳሁም፤ ስለ ውለታ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቢጫ ወባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 በሱዳን ድንበር ኩርሙክ ላይ፣ ያኔ የወለጋ ጠቅላይ ግዛት አካል ከነበረችው ከአሶሳ ማዶ፣ በሽታው ተነሳ። ከ1960 እስከ 1962 ደግሞ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ወደ 30,000 ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። ወረርሽኙ ጋብ ሲል ቫይረሱ የት ይደበቃል? ተመራማሪዎች መልሱን ፍለጋ ጫካ ገቡ፤ ከዱር እንስሳት ደም እየቀዱ መረመሩ። ውጤቱም በ1968 በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ታተመ። ቫይረሱ ጫካ ውስጥ ከጦጣ ወደ ትንኝ፣ ከትንኝ ወደ ጦጣ ይመላለሳል።

የአፍሪካ ጦጣዎች ቫይረሱን ተሸክመው አብዛኛውን ጊዜ ብዙም ሳይታመሙ ያልፋሉ፤ የሕንዶቹ ግን ይሞታሉ። ክትባቱም የተገኘው በዚህ ልዩነት ነው። በ1927 በዛሬዋ ጋና አሲቢ ከሚባል ሕመምተኛ ደም ተቀድቶ ከሕንድ የመጣች ጦጣ ተወጋች። ጦጣዋ ሞተች፤ ቫይረሱ ግን በሳይንቲስቶች እጅ ገባ። ከዚያው ዘር ማክስ ታይለርና ባልደረቦቹ በ1937 እስከ ዛሬ የምንወጋውን ክትባት ይፋ አደረጉ። ቢጫ ካርዱን ይዞ ከቦሌ የሚሳፈር መንገደኛ ሁሉ የዚያች ጦጣ ባለዕዳ ነው ማለት ይቻላል።

እንግዲህ “ሙከራው በጭራሽ ይቅር” ማለት ለኔ ይከብደኛል። ልቅ ይሁን ማለት ደግሞ የባሰ ነው። በ1967 ለክትባት ሥራ ከኡጋንዳ የተጫኑ ጦጣዎች ማርበርግ የተባለውን በሽታ ወደ ጀርመንና ዩጎዝላቪያ ይዘው ገብተው፣ 31 ሰው ታሞ 7ቱ ሞተዋል። ስለዚህ ቁጥጥሩ ለጦጣ ብቻ አይደለም፤ ለሰውም ነው። ሕንድም በ1978 ጦጣዎቿን ለቤተ ሙከራ መላክ አቆመች፤ ለወታደራዊ የጨረር ሙከራ መዋላቸው አስቆጥቷት ነበር።

እኛስ? ኢትዮጵያ በ1989 የዱር እንስሳትን ንግድ የሚቆጣጠረውን ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ ሳይተስን፣ ተቀበለች። በ1999 ዓ.ም. ደግሞ የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ወጣ። ሁለቱም ደግ አደረጉ። ነገር ግን ዋና ትኩረታቸው ጫካውና ድንበሩ ነው፤ እንስሳው በማን ፈቃድ ይያዝ፣ በማን ፈቃድ ይውጣ የሚለው። ቤተ ሙከራ ከገባ በኋላስ? ስንት ቀን ይታሰራል? ማደንዘዣ ያገኛል? በሌላ ዘዴ መተካት አይቻልም ነበር? ይህ በአብዛኛው ለተመራማሪው ኅሊናና ለየተቋሙ የሥነ ምግባር ኮሚቴ የተተወ ነው።

ኅሊና ጥሩ ነው፤ ግን ኅሊናን የሚጎበኝ ተቆጣጣሪ የለም። መተካት፣ መቀነስ፣ ሥቃይን ማቅለል፦ ራስልና በርች የሚባሉ እንግሊዛውያን ሳይንቲስቶች እነዚህን ሦስት መርሆች የጻፉት ኩርሙክ ላይ ቢጫ ወባ በተነሳበት በዚያው በ1959 ነበር። እነሱን በሕግ ማስፈር፣ ስንት ጦጣ ለምን ጉዳይ እንደዋለ መዝግቦ ለሕዝብ ማሳወቅ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ውለታ በዚህ ቢከፈል ምን ይጎዳናል?