ዳግመኛ የመከተብ ታሪክና የደካሞች ጥበቃ

የመከላከል ኃይሉ የደከመበትን ሰው ዳግመኛ የሚሰጥ ማጠናከሪያ ክትባት ምን ያህል ይጠብቀዋል? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ነገሩን ከሥሩ መመልከት ይበጃል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ኤድዋርድ ጄነር በ1796 ዓ.ም. አንድ ብላቴና በላም ፈንጣጣ ከትቦ ከፈንጣጣ እንደተጠበቀ ባየ ጊዜ፥ አንድ ጊዜ የተከተበ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ይጠበቃል ብሎ አመነ። ይሁን እንጂ ዓመታት ሲያልፉ፥ በሕፃንነታቸው የተከተቡ ሰዎች ካደጉ በኋላ በበሽታው ሲያዙ ታየ። ክትባት እንደ ሣር ክዳን ነውና፥ ጊዜው ሲደርስ መታደስ ያሻዋል። ስለዚህም የጀርመን መንግሥት በ1874 ዓ.ም. ባወጣው ሕግ ሕፃናት እንዲከተቡ፥ 12 ዓመት ሲሞላቸውም ዳግመኛ እንዲከተቡ አዘዘ።

ይህ ሁሉ የታሰበው ግን ለጤነኛ ሰውነት ነበር። በ1954 ዓ.ም. በአሜሪካ በቦስተን ከተማ የአንዱ መንታ ኩላሊት ለወንድሙ ተተከለ። ወንድማማቾቹ ፍጹም ተመሳሳይ መንትዮች ስለነበሩ የታማሚው ሰውነት ኩላሊቱን እንደ ባዕድ አልቈጠረውም። ለሌሎች ሕሙማን ግን የሰውነትን ዘበኞች የሚያበርድ መድኃኒት አስፈለገ፤ ይኸውም ከ1960ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በሥራ ላይ ዋለ። መድኃኒቱ ኩላሊቱን ይጠብቃል፤ ነገር ግን የበረደው ዘበኛ ክትባት የሚያስተምረውን ትምህርት በሚገባ ሊቀበል አይችልም።

የኮቪድ 19 ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ይህ ችግር ገሃድ ወጣ። በ2021 ዓ.ም. በፈረንሳይ በቱሉዝ ከተማ፥ የሌላ ሰው አካል የተተከለላቸው 101 ሰዎች ሦስት ጊዜ ተከተቡ። ከሦስተኛው ክትባት በፊት ተሐዋሲውን የሚዋጋው ፀረ እንግዳ አካል በደማቸው የተገኘው ከመቶ 40ዎቹ ብቻ ሲሆኑ፥ ከ4 ሳምንት በኋላ ቍጥራቸው ከመቶ ወደ 68 ከፍ አለ። በዚያው ዓመት በካናዳ በቶሮንቶ 120 ሰዎች ለሁለት ተከፍለው፥ አንዱ ወገን ሦስተኛውን ክትባት፥ ሌላው የጨው ውኃ ተወጋ። የተወሰነውን የመከላከያ መጠን ያገኙት ከተከተቡት ከመቶ 55፥ ከሌሎቹ ግን 18 ነበሩ።

እንግዲህ ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። «አይጠቅመኝም» ብሎ ክትባቱን የሚተው ደካማ ሰው ያለውን ጋሻ ይጥላል፤ «ሦስቴ ተከትቤያለሁ» ብሎ ጥንቃቄውን የሚተውም ጋሻው ቀዳዳ እንዳለበት ይረሳል። የደም ምርመራው የጥበቃው ሁሉ መለኪያ ባይሆንም፥ ማጠናከሪያው ብዙ እንደሚረዳ፥ ሁሉን ግን እንደማያድን ያስረዳል። መቼና የትኛውን ክትባት መውሰድ እንደሚገባም ሐኪም ይወስን፤ ሕያው ተሐዋሲ ያለባቸው ክትባቶች እንደነዚህ ያሉትን ሰዎች ሊጐዱ ይችላሉና። መድኃኒቱንም በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ የተተከለውን ኩላሊት ያሳጣል።

በአገራችንም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ኩላሊት መትከል ተጀምሯል። እንዲህ ያለው ሰው በመሥሪያ ቤታችን ከአጠገባችን ተቀምጦ ይሆናል። እርሱ ያልተሟላለትን ጥበቃ እኛ ጤነኞቹ በመከተብ፥ ስንታመምም ከቤት በመዋል ልንሞላለት እንችላለን። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።