ከግድግዳው ጀርባ ያለ ታሪክ

አንዳንድ ሆቴል ሽንት ቤት ስትገቡ ግድግዳው ላይ አግድም የታሰረች ወፍራም ብረት አይታችሁ ይሆናል። ፎጣ መስቀያ የምትመስለን ብዙ ነን። ግን ተማሪዎች የታገሉላት፣ ሕግም የወጣላት መደገፊያ ናት።

ነገሩ የሚጀምረው አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ጌልስበርግ ባለው ቅርንጫፉ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ፕሮግራም ከፈተ፤ ከጦርነት የተመለሱ ወታደሮችም ነበሩበት። ግቢው የቀድሞ የጦር ሆስፒታል ስለነበር ለተሽከርካሪ ወንበር ይመቻል። በ1949 ቅርንጫፉ ሲዘጋ ተማሪዎቹ ዝም አላሉም። ተቃውሟቸውን እስከ ግዛቲቱ ዋና ከተማ ድረስ ይዘው ሄዱ፤ በመጨረሻም ዋናው ግቢ ተቀበላቸው። ያ ግቢ ግን ለነሱ ታስቦ የተሠራ አልነበረም።

የፕሮግራሙ መሪ ቲሞቲ ኑጀንት በዩኒቨርሲቲው የመራው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1961 ለወጣው የመጀመሪያው የአሜሪካ የተደራሽነት ስታንዳርድ መሠረት ሆነ። የሽንት ቤቷም ብረት ልክ ወጣላት፦ ከወለል 33 ኢንች (84 ሳንቲ ሜትር ገደማ) ከፍ ብላ፣ ከግድግዳው 1 ተኩል ኢንች ርቃ፣ ጫፍና ጫፏም መሀሏም ጠብቆ ይታሰር። ክፍተቷ እጅ ያስጨብጣል፤ ክንድ ሾልኮ እንዲቀረቀር ግን አይፈቅድም።

ስታንዳርድ ብቻውን ሕግ አይደለም። በ1968 የፌዴራል መንግሥቱ ሕንጻዎች ተደራሽ እንዲሆኑ በሕግ ተደነገገ። ወደ መኖሪያ ቤት የገባው ደግሞ በ1988 ነው። አራትና ከዚያ በላይ ቤቶች ያሏቸው፣ ከማርች 1991 በኋላ ሰው የሚገባባቸው አዳዲስ ሕንጻዎች (ሊፍት ከሌላቸው ምድር ላይ ያሉት ቤቶች ብቻ) የመታጠቢያ ቤታቸው ግድግዳ እንዲጠነክር ታዘዘ። ልብ በሉ፣ ሕጉ ብረቱን አስገቡ አላለም። ሰው በሚያስፈልገው ቀን የሚያስርበት ጠንካራ ግድግዳ ይጠብቀው ነው ያለው።

ለኛ ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ጋ ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች የሚመች መግቢያና መጸዳጃ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። እናቶቻችንና አባቶቻችን ግን የሚታጠቡት ቤታቸው ነው። የኮንዶሚኒየሞቻችን ግድግዳ ደግሞ በአብዛኛው ሆዱ ባዶ ብሎኬት ነው። እሱ ላይ በተራ ፊሸር የታሰረ ብረት ፎጣ ይሸከም ይሆናል፤ እርጥብ ሴራሚክ ላይ የተንሸራተተን ሰው ለመያዝ ግን አያስተማምንም። በዚያ ዕድሜ ደግሞ የዳሌ አጥንት ስብራት ሰውን አልጋ ላይ ሊያስቀር ይችላል።

ስለዚህ ቤት የምታሠሩ ወይም የምታድሱ ወዳጆቻችን፣ ሴራሚኩ ከመለጠፉ በፊት ግንበኛውን አንድ ነገር እዘዙት፦ ከመቀመጫው ጎንና ከሻወሩ ሥር ያለውን ብሎኬት ሆዱን በኮንክሪት ይሙላው። ብረቷ ሌላ ጊዜ ትገዛለች። ግድግዳው ግን አሁን ነው የሚሠራው።