ክራከን፦ ስሙ ከየት መጣ?

ፊልም ላይ መርከብ ጠምጥሞ የሚያሰምጠውን ባለ ብዙ ክንድ የባሕር ጭራቅ ታውቁታላችሁ፤ ክራከን ነው። ስሙን ግን እስኪ ፈታ አድርገን እንየው። በኖርዌይኛ ቃሉ «ክራከ» ነው። ብዙ የቋንቋ ሊቃውንት ከተጣመመ ነገር ጋር ያያይዙታል፤ የተንጋደደ ዛፍም በዚሁ ቃል ይጠራል። መጨረሻ ላይ ያለችው «ን»ስ? እኛ «ቤት» የነበረውን «ቤቱ» ስንል እንደምንጨምራት ያለች ቅጥያ ናት። እንግሊዞች ቃሉን ሲዋሱ እሷንም የስሙ አካል አድርገው ወሰዷት።

የሚገርመው፣ የኖርዌይ ዓሣ አጥማጆች ክራከንን ይፈልጉት ነበር። የበርገኑ ጳጳስ ኤሪክ ፖንቶፒዳን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1753 ባሳተሙት መጽሐፍ ከአጥማጆቹ የሰሙትን ጽፈዋል። ጥልቅ መሆን የነበረበት ባሕር በገመድ ሲለካ ድንገት ካነሰ፣ ከታች ክራከን አለ ማለት ነው፤ በላዩ ደግሞ ዓሣ ይርመሰመሳል። ስለዚህ ያጠምዳሉ! ጥልቀቱ ይበልጥ እየቀነሰ ከመጣ ግን ፍጥረቱ እየወጣ ነውና፣ ቀዝፎ ማምለጥ ነው። አደጋው ክንዱ ብቻ አልነበረም፤ ተመልሶ ሲሰምጥ የሚፈጥረው አዙሪት መርከብ ይውጣል ይባል ነበር።

ከዚያ 500 ዓመት ገደማ የሚቀድመው የኖርዌይ መጽሐፍ «የንጉሡ መስታወት» ደግሞ «ሃፍጉፋ» ስለሚባል ደሴት የሚያክል ዓሣ ይናገራል። አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ዓሦች ሲሞሉበት ይዘጋል። ልክ እንዲህ አፋቸውን ከፍተው የሚጠብቁ ዓሣ ነባሪዎች በዘመናችን በካሜራ ተቀርጸዋል፤ ለእኔ ሃፍጉፋ ዓሣ ነባሪ ይመስለኛል። ለክራከን የሚቀርበው ግን ግዙፉ ስኩዊድ ነው፤ የዴንማርኩ ሊቅ ያፔተስ ስቴንስትሩፕ በ1857 «አርኪቴውቲስ» የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጡት።